ያገለገሉ የላፕቶፕ ሴሎችን ፓራለል ማሰር፦ ደካማው ጠንካራውን ይገድለዋል?

ጥያቄው ከአዳማ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ከተበላሹ የላፕቶፕ ባትሪዎች ውስጥ 12 ሴል አውጥቻለሁ። መብራት ሲጠፋ የቤታችንን ራውተር እንዲያንቀሳቅሱልኝ ሁሉንም ፓራለል ላስራቸው አስቤአለሁ። ግን አንዳንዱ 4.1 ቮልት ያሳያል፣ አንዳንዱ 3.5። አቅማቸውም አንድ አይደለም። 2600 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል አለ፣ 2000 የሚልም አለ። ጓደኛዬ ‹ደካማው ጠንካራውን ይገድለዋል፣ ይቅርብህ› አለኝ። እውነት ነው? ከረንቱንስ እኩል ይካፈላሉ? ቻርጀር ብዬ የገዛሁት ቲፒ4056 የምትባለዋን ትንሽ ሰሌዳ ነው።»

ጓደኛህ መፍራቱ አይከፋም፤ የፈራው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አቅማቸው የተለያየ ሴሎች ፓራለል ሲታሰሩ ተስማምተው ይኖራሉ። አደጋው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መጀመሪያ የምታገናኛቸው ቅጽበት ነው። ሁለተኛው በመካከላቸው ተደብቆ የሚያፈስ ሴል ነው። አቅም ለማመሳሰል የምታጠፋውን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ላይ አውለው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ፓራለል ማለት ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ማሰር ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሴሎች ጫፋቸው ላይ አንድ ቮልቴጅ ብቻ ይኖራቸዋል። የተለያየ ቮልቴጅ ይዘው ከመጡ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከፍ ያለው ወደ ዝቅተኛው ይፈስሳል። ሁለት ሮቶ ከታች በቱቦ ብታገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ ከሆነ ውሃው በራሱ ሄዶ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። አንዱ ሮቶ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው የከፍታው ልዩነትና የቱቦው ስፋት ነው። በባትሪ ቤት ከፍታው ቮልቴጅ ነው። የቱቦው ጥበት ደግሞ የሴሉ የውስጥ ሬዚስታንስ ነው።

ችግሩ የሊቲየም ሴል «ቱቦ» በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ የላፕቶፕ ሴል የውስጥ ሬዚስታንሱ 60 ሚሊኦም አካባቢ ነው እንበል። 4.1 ቮልት ያለውን ከ3.5 ቮልቱ ጋር ብታገናኝ ልዩነቱ 0.6 ቮልት ነው። የሁለቱ ሬዚስታንስ ድምር 0.12 ኦም ነው። 0.6ን ለ0.12 ስታካፍል 5 አምፒር ይመጣል። ዝቅተኛው ሴል ያለምንም ተቆጣጣሪ በ5 አምፒር ቻርጅ መደረግ ጀመረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሴል በምቾት የሚቀበለው 1 አምፒር ከትንሽ ነው።

ከዚህ የሚብሰው አሥራ አንዱን አስረህ ጨርሰህ አሥራ ሁለተኛውን ዘግይተህ ስትጨምር ነው። 11 ሴሎች አንድ ላይ ሲሆኑ ሬዚስታንሳቸው ወደ 5.5 ሚሊኦም ይወርዳል። አሁን መንገዱን የሚያጠበው የራሱ የአዲሱ ሴል 60 ሚሊኦም ብቻ ነው። በዚያው 0.6 ቮልት ልዩነት ከ9 አምፒር በላይ ይገባበታል። ከረንቱ በሴኮንዶች ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ቻርጅ የሚደረገው ሴል ቮልቴጁ ቶሎ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜም እሳት አይነሳም። ግን ሊቲየም ከአቅሙ በላይ ሲጋት ከፊሉ መግባት ወዳለበት ቦታ ሳይገባ ኔጌቲቩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ያ ጉዳት አይታይህም፤ አይመለስምም።

ልዩነቱ 0.05 ቮልት ቢሆንስ? 0.05 ለ0.12 ሲካፈል 0.4 አምፒር ገደማ ነው። ሴሉ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። ከማሰርህ በፊት ሁሉም ሴሎች በ0.05 ቮልት ውስጥ ይሁኑ። ለዚህ የገዛሃት ቲፒ4056 አሪፍ ናት። ለአንድ ሴል በልኳ የተሠራች ናት። 1 አምፒር ትሰጣለች፣ 4.2 ላይ ታቆማለች። እያንዳንዱን ለብቻው ሙላው። ቻርጀር ከሌለህና ሁለት ሴሎችን ማስተካከል ብቻ ከፈለግህ በመካከላቸው ባለ 1 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አስገብተህ ለአንድ ቀን ተዋቸው። ያ 0.6 ቮልት ልዩነት በግማሽ አምፒር ብቻ ቀስ ብሎ ይስተካከላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ከረንቱን እኩል ይካፈላሉ? አይካፈሉም። ግን የሚካፈሉበት መንገድ የሚገርም ነው። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቼም ዛሬም ደስ ይለኛል።

ሁለት ሴል ውሰድ። የአንዱ የውስጥ ሬዚስታንስ 50 ሚሊኦም ነው፣ የሌላው 100። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። 3 አምፒር የሚስብ ነገር ሰካህባቸው። በመጀመሪያው ቅጽበት ባለ 50ው 2 አምፒር ይሰጣል፣ ባለ 100ው 1 አምፒር። ጓደኛህ ይህን አይቶ ይሆናል «ጠንካራው ተጎዳ» ያለው። ግን ትንሽ ጠብቅ። ጠንካራው ብዙ ስለሰጠ ቶሎ ይጎድላል። ሲጎድል የራሱ ቮልቴጅ ይወርዳል። ከሌላው በ0.05 ቮልት ዝቅ ሲል ክፍፍሉ ተቀይሮ 1.67 እና 1.33 ይሆናል። የበለጠ ሲወርድ ደካማው የበለጠ ይሸከማል። አሁን የሰካኸውን ንቀለው። ምንም ነገር ሳይሰካ በሁለቱ መካከል ከረንት ይሄዳል። ደካማው ብዙ ስለቀረው ወደ ጠንካራው 0.33 አምፒር ያህል ይልካል። እኩል ሲሆኑ ያቆማሉ።

እንግዲህ በየቅጽበቱ የሚወስነው ሬዚስታንስ ነው። ከሙሉ እስከ ባዶ ባለው ጉዞ ግን የሚወስነው አቅም ነው። ባለ 2600ውና ባለ 2000ው አብረው 2.3 አምፒር ሲሰጡ፣ በአማካይ አንዱ 1.3፣ ሌላው 1 አምፒር ይሰጣሉ። አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ያልቃሉ። በመካከላቸው የሚያስተካክል ሰሌዳ አያስፈልግም። ራሱ ሽቦው አስተካካይ ነው።

የአቅም ልዩነት ችግር የሚያመጣው በሲሪየስ፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር ተከታትሎ ሲታሰር ነው። በሲሪየስ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ትንሽ የሚይዘው ቀድሞ ያልቃል። ሌሎቹ ግን ገና ስላላለቁ በእሱ ውስጥ መግፋታቸውን ይቀጥላሉ። ከባዶ በታች ይወርዳል፤ ይበላሻል። አቅም ተለክቶ፣ ጥንድ ጥንዱ ተመርጦ መሠራት ያለበት እዚያ ነው። አንተ የምትሠራው ደግሞ 12ቱንም ፓራለል ነው።

ከዚህም ሌላ ሥራህ ቀላል ነው። «12 ቮልት፣ 1 አምፒር» የሚል ራውተር ብዙውን ጊዜ 8 ዋት አካባቢ ቢበላ ነው። የባትሪውን 3.6 ቮልት አካባቢ ወደ ራውተሩ 12 ቮልት ከፍ የምታደርገው ሰሌዳ የምታባክነውን ጨምረህ ከባትሪው የምትስበው 2.6 አምፒር ገደማ ነው። ለ12 ሲካፈል ለአንድ ሴል 0.22 አምፒር ይደርሰዋል። በዚህ መጠን የሬዚስታንስ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር። እዚያ በአንድ ሴል 5 እና 10 አምፒር ይሄዳል። አዲስና አሮጌ ቀላቅለህ ብታስር አዲሱ መጀመሪያ ላይ ከድርሻው በላይ እየተሸከመ ይግላል።

አሁን በጣም ወደማስብበት ነገር ልምጣ። ፓራለል ገመና ይሸፍናል።

ስድስት ሴል ያለውን የላፕቶፕ ባትሪ ስትከፍት ሴሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በስስ የኒኬል ቅጠል ተበይደው ታገኛቸዋለህ። ጥንዶቹ ፓራለል ናቸው። ሦስቱ ጥንዶች በሲሪየስ ሆነው 11.1 ቮልት ይሰጣሉ። ብዙ ሰው ቅጠሉን ሳያላቅቅ ቴስተሩን ጥንዱ ላይ ያሳርፋል። 3.9 ያያል። «ሁለቱም ደህና ናቸው» ይላል። ያየው ግን የጥንዱን ቮልቴጅ ነው። አንደኛው ሴል ሞቶ፣ ሌላው ብቻውን 3.9 ይዞት ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ቆርጠህ ለያያቸውና ለአንድ ሳምንት አስቀምጣቸው። ያን ጊዜ አንዱ 3.9 ላይ እንደቆመ፣ ሌላው 3.2 ወርዶ ልታገኝ ትችላለህ። ስለዚህ እስካሁን የለካኸው ጥንድ ጥንዱን ከሆነ ልኬትህን ሰርዘህ እንደ አዲስ ጀምር።

የሚያፈስ ሴል ማለት ውስጡ ቀጭን መተላለፊያ ተከፍቶ ሳይነካ የሚጎድል ነው። በቡድንህ ውስጥ አንድ ሴል 50 ሚሊአምፒር ቢያፈስ፣ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ይሄዳል። 12ቱ አንድ ላይ 26 አምፒር ሰዓት ቢይዙ፣ ምንም ሳትጠቀም በሦስት ሳምንት ገደማ ባዶ ይሆናሉ። አንተ የምታየው «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ ሁሉም አንድ ቮልቴጅ ነው የሚያሳዩት። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መተላለፊያው አንድ ቀን ሊሰፋ ይችላል። ያኔ 11ዱ ጎረቤቶች ያላቸውን ሁሉ በዚያ አንድ ሴል ውስጥ ያፈሳሉ። አንድ ሴል ወደ 8 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 11ዱ 87 ገደማ። ይህ ሁሉ ጉልበት እንደ አውራ ጣት ባለች ቆርቆሮ ውስጥ ሙቀት ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትህም።

ስለዚህ ፈተናው የሚካሄደው ከማሰር በፊት ነው። መጀመሪያ ስታገኘው ከ2 ቮልት በታች የነበረን ሴል አትሞክረው፤ ለየው። በጣም ባዶ ሆኖ የቆየ ሴል ውስጥ መዳቡ ይሟሟል። እንደገና ስትሞላው መዳቡ ባልሆነ ቦታ ይረጋል፣ ሾርት ያዘጋጃል። ቮልት ማሳየቱ አያታልልህ። የቀሩትን አንድ በአንድ ሙላ። ስትሞላ እጅህን አሳርፍበት። ለብ ማለት ያለ ነው። መጨረሻው አካባቢ እየጋለ፣ ሙሉ የምትለዋ መብራት ሳትበራ ሰዓታት የሚያስቆጥር ካለ አውጣው። ከዚያ በሴሉ ላይ ቀኑንና ቮልቱን በማርከር ጻፍ። አንድ ቀን ካረፈ በኋላ ለክተህ መሆን አለበት፤ ከቻርጀር እንደወጣ ያለው ቁጥር ይዋዥቃል። ከዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ማንም እንዳይነካቸው። ተመልሰህ ስትለካ ደህናዎቹ ጥቂት የቮልት መቶኛዎች ቢወርዱ ነው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ የወረደ ካለ ምክንያት አትፈልግለት። ጣለው። ሦስት ሳምንት መጠበቅ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ግን ይህን ፈተና የሚተካ ነገር የለም፤ አንዴ ካሰርካቸው በኋላ ደግሞ ልታደርገው አትችልም።

ፈተናውን ያለፈም ነገ ሊበላሽ ይችላል። ለዚያ ነው ለእያንዳንዱ ሴል የራሱ ፊውዝ አስገባ የምልህ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቴስላ ሞዴል ኤስ፣ ባለ 85 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው፣ አንተ ከያዝካቸው ጋር እኩል መጠን ባላቸው ሴሎች ነው የተሠራው። 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ቁመት። ብዛታቸው 7104 ነው። 74ቱ ፓራለል ሆነው አንድ ቡድን ይሠራሉ፤ 96 ቡድኖች በሲሪየስ ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ሴል ከቡድኑ ጋር የሚገናኘው ፀጉር በሚመስል ስስ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ፊውዝም ነው። አንዱ ሴል ሾርት ሲያደርግ የ73ቱ ከረንት ተደምሮ በእሱ ሽቦ ውስጥ ያልፋል። የሌሎቹ ሽቦ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ የሚቀልጠው የታመመው ሽቦ ነው። ሕመምተኛው ብቻውን ይነጠላል፤ መኪናው መሄዱን ይቀጥላል።

አንተም ይህን በቀላሉ ታደርገዋለህ። ከተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዱን የመዳብ ክር ምዘዝ። 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክር 2.5 አምፒር አካባቢ ላይ ይቀልጣል። አንተ በሴል 0.22 ነው የምትስበው፤ ስለዚህ በሥራ ጊዜ አይነካም። በፖዘቲቩ በኩል ሴሉን ከዋናው ወፍራም ሽቦ ጋር በዚህ ክር አገናኝ። ሴሉ ላይ ተበይዶ የቀረውን የኒኬል ቁራጭ አትንቀለው፤ ሶልደር የምታደርገው እዚያ ላይ ነው። ራሱ ሴሉ ላይ ትኩስ ብረት አታቆይበት። በፖዘቲቩ ጫፍ ያለውን ወረቀት መሰል ቀለበትም ተመልከት። ከተቀደደ ቀይረው። የሴሉ አካል በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ የተቀደደ ቀለበት ላይ ያረፈ ሽቦ ወዲያው ሾርት ነው።

ስለ አቅም እያወራን ሳለ አንድ ነገር። በየሱቁ «9900 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ሴሎች ይሸጣሉ። በዚህ መጠን የተሠራ ሴል ይህን ያህል አይዝም። ጥሩ የሚባሉት 3500 አካባቢ ናቸው። ከላፕቶፕ ያወጣኸው፣ ሐቀኛ 2200 የተጻፈበት አሮጌ ሴል ከእነዚያ ሳይሻል አይቀርም። ገንዘብህን አታባክን።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። የሴል ዓይነት አትቀላቅል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሲሞላ 3.65 ነው፣ ሲሠራ 3.2 እና 3.3 ላይ ይውላል። ከላፕቶፕ ሴል ጋር ብታስረው 4.2 ይገፋበታል። ለብቻው ብታስረውም ጠባዩ ሌላ ነው። ከ80 በመቶ እስከ 30 በመቶ ቮልቴጁ ብዙም ስለማይነቃነቅ፣ ሁለት ሴሎች እኩል 3.3 እያሳዩ አንዱ 80 በመቶ አካባቢ፣ ሌላው ግማሽ ሊሆን ይችላል። እነዚያን የምታስተካክለው ሁሉንም እስከ 3.65 ሞልተህ ነው፤ በቮልት ብቻ አትመን።

ኢንቨርተር ያላችሁና ይህን የምታነቡም አላችሁ። ባለ 12 ቮልት አሲድ ባትሪ ላይም ነገሩ ያው ነው። አሮጌው ላይ አዲስ ከመጨመራችሁ በፊት አሮጌውን ሞልታችሁ፣ ለያይታችሁ አሳድሩትና ለኩት። 12.7 አካባቢ ካለ ደህና ነው። 10.6 ካለ ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷል። አዲሱን ከዚህ ጋር ማሰር አዲሱን ማስረከብ ነው። ቻርጀሩ 14.4 ለማድረስ ሲገፋ አምስቱ ክፍሎች ይፈላሉ፣ ጋዝ ይወጣል። ጤነኞች ከሆኑና ከሁለት በላይ ካሰራችሁ ደግሞ ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከመጀመሪያው ባትሪ፣ ኔጌቲቩን ከመጨረሻው አውጡ። ሁለቱንም ከአንድ ጫፍ ካወጣችሁ የቅርቡ ባትሪ ብዙ ይሠራል፣ ቀድሞ ያረጃል። የአንድ ትልቅ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ ጥቂት ሚሊኦም ስለሆነ የማገናኛው ገመድ ሬዚስታንስ ከእሱ ጋር የሚወዳደር ነው። ለዚህ ነው የገመድ ርዝመትና ውፍረት እዚህ ላይ ዋጋ የሚኖረው።

የቀረው ቻርጀርህ ነው። ቲፒ4056 ለሙከራው ጥሩ ናት፤ ለተጠናቀቀው ባትሪ ግን አትበቃም። 26 አምፒር ሰዓት በ1 አምፒር ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። እሱ ይቅር ብትል እንኳ ሌላ ችግር አለ። ራውተሩን ሁልጊዜ ከባትሪው ላይ ካሠራኸው ከ9 ዋት በላይ ይወስዳል። ሰሌዳዋ የምትሰጠው 4 ዋት ነው። መብራት እያለም ባትሪህ ይጎድላል። ብዙ ሰው «ሴሎቹ ወደቁ» ብሎ የሚጥላቸው በዚህ ምክንያት ነው። በ4.2 ቮልት የሚያቆም፣ 5 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ፈልግ። 2.6ቱ ለራውተሩ ይሄዳል፣ 2.4 ለባትሪው ይተርፋል። ባዶ ከሆነ በ11 ሰዓት ገደማ ይሞላል። የቲፒ4056 ሰሌዳ ላይ የነበረውን መከላከያ ስለምታጣ ደግሞ 1ኤስ (በሲሪየስ አንድ ሴል ማለት ነው) ተብሎ የሚሸጠውን ቢኤምኤስ የሚባል የባትሪ መከላከያ ሰሌዳ፣ 10 አምፒር የሚችለውን፣ ከባትሪውና ከራውተሩ መካከል አስገባ። ከሞላ በኋላ መብራት ቢጠፋ ራውተርህ ወደ 10 ሰዓት ይቆያል። ሳጥኑ ከብረት ወይም ከወፍራም ቆርቆሮ ይሁን፤ ውስጡን በማያስተላልፍ ነገር ሸፍነው። አልጋ ሥርና መጋረጃ አጠገብ አታስቀምጠው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን።